ያቺን አንዷን አውቃታለሁ

ወሬው የደረሰኝ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ካውያ በእጄ ነበር።

ልጄ የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ ትልቅ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ የሰባት ወር እርጉዝ። ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ምግብ አልረጋ ብሏት፣ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ "ከእኛ አቅም በላይ ነው" ብሎ ነው ወደዚያ የላካት። ሦስት ቀን አብሬያት አድሬ፣ ባሏን አጠገቧ ትቼ፣ ለእሷ መቀየሪያ ለሚወለደውም ልብስ ላመጣ ተመለስኩ። የምሠራው የሥራ ካፖርትና ጋወን በሚሰፋበት ስፌት ቤት ነው፤ ልብስ ተኳሽ ነኝ። ልጄም እዚያው ትሰፋ ነበር። የስድስት ሰዓቱን አውቶቡስ ለመያዝ ቸኩዬ የሕፃኑን ልብሶች በሥራ ቦታዬ ካውያ ስተኩስ አለቃችን ገባች። "ቀጥ በይ" ነው የምንላት፤ ጎብጣ የምትሰፋ ካየች "ቀጥ በይ" ሳትል አታልፍም፤ ራሷም ስትሄድ እንደ ወታደር ነው። ያን ቀን ግን ቀስ ብላ መጣች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

"ካውያውን አስቀምጪው" አለችኝ።

አስቀመጥኩት። አቁሜ ሳይሆን በደረቱ ነበር ያስቀመጥኩት። ሽታው እስኪነግረን ድረስ ሁለታችንም አላየነውም። ያ የተቃጠለ ትንሽ ሸሚዝ ዛሬም እኔ ጋ አለ። የሚለብሰውም የምታለብሰውም አልተረፉም።

ከዚህ በታች ያሉት ደብዳቤዎች ከዚያ ቀን በኋላ እኔና ባሕር ማዶ ያለው የወንድሜ ልጅ የተጻጻፍናቸው ናቸው። ወንድሜና ሚስቱ ቀድመው ስላረፉ ልጁን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እሱና ልጄ በአንድ ብርድ ልብስ ተኝተው ነው ያደጉት። ያየውን ሁሉ፣ ደረጃውን፣ የጣሪያውን ምስማር፣ የጎረቤት ማስነጠስ ሳይቀር ስለሚቆጥር "ቆጣሪው" አልነው። አሁንም እንጀራው ቁጥር ነው፤ በአንድ የጤና ጥናት ተቋም ሕመምና ሞት ይቆጥራል። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የምጽፈውም በዝግታ ነው። በስልክ እንባዬ ይቀድመኛል፤ በወረቀት ግን ቃሌ ይቀድማል። የስፌት ቤታችን ሴቶች "ሌላ ሰፈርም ያንብበው" ስላሉኝ እንዳለ ገልብጬዋለሁ።

ነሐሴ 14 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ካለሁበት ርቀት ይልቅ የበዛ ሆኖ ይድረስዎ። እግዚአብሔር ያጽናዎ ማለት ከዚህ ሆኖ ቀላል ነው፤ ከቀብሯ የቀረ ሰው ግን ምን ሊል ይችላል? ሥራ ላይ ሳለሁ ትዝ ስትለኝ ተነሥቼ ደረጃውን እወርዳለሁ። ስድሳ ሁለት ነው። ከዚያ ተመልሼ እወጣለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ስፖርት የጀመርኩ መስሏቸዋል።

አንድ ነገር ልንገርዎ። የምሠራበት ተቋም እዚያ ካሉ ሐኪሞች ጋር ሆኖ ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን የጉበት በሽታ፣ እኛ የወፍ በሽታ የምንለውን፣ በዐሥር ሰፈሮች ሊያጠና ነው። የእርስዎ ሰፈር አንዱ ነው። እኔ አልመረጥኩትም፤ በዕጣ ነው የወጣው። ምክንያቱ ውሃ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንጠረጥራለን። ሞት በተመዘገበበት ሰፈር ውሃው ይመረመራል። መዝጋቢዎች በየቤቱ ይመጣሉ፤ በደንብ ይቀበሏቸው፣ ያዩትንም ይንገሯቸው። ከዚህ ሌላ የምለምንዎ የለኝም።

ጤናዎን ይጠብቁልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

መስከረም 20 ቀን

ለልጄ ለቆጣሪው፤

አንተ ጋ ያለው ሰላም ወደ እኔ ይምጣ፤ እኔ ጋ ያለው ሐዘን ግን ወደ አንተ አይሻገር። ደብዳቤህን አንብቤ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። "እርስዎ" ስትለኝ ሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ። በልጅነትህ "አንቺ" ነበር የምትለኝ። ያራቀን ባሕሩ ነው ትምህርቱ?

መዝጋቢዎቹ መጡ። አንድ ነጭ መኪና የመንገዳችን አፍ ላይ ቆመና ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። እኔ ቤት የመጣችው አንዲት ቀጭን ልጅ ናት፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ስልክ የሚያህል መጻፊያ ይዛለች። ቁጭ በይ ብላት "እማማ፣ ዛሬ አርባ ቤት አለብኝ" አለች። ፈቃዳችሁን የምትገልጹበት ነው ያለችውን ወረቀት ውሻ እንደሚያባርረው ሰው ነው ያነበበችው። ሰው ሁሉ ወረቀቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ እየፈረመ ነው። አጥሩ ቆርቆሮ ስለሆነ የአንዳንዱ ፊርማ ወዲያ ማዶ ወጥቷል። ከዚያ የፈረመው ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ቀጣዩ ጎረቤት ምን እንደሚመልስ ለመስማት አብሯት ይሄዳል። እኔ ጋ ስትደርስ ባለ ጅራት ሆና ነበር።

የጠየቀችኝን መለስኩ።

ሥራ ጀምሬያለሁ። በልጄ የስፌት መኪና ላይ እስካሁን ማንም አልተቀመጠባትም፤ የጀመረችው ካፖርትም ከመርፌው ሥር እንዳለ ነው። ቀጥ በይ ናት የከለከለችው። እሷ አልነገረችኝም፤ አየሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ያ የጥያቄ ወረቀት ቅጂ ካለህ ላክልኝ። በራሴ ፍጥነት ላነብበው እፈልጋለሁ።

መንገድህ የቀና ይሁን።

አክስትህ

ኅዳር 3 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤናዎ የጠዋት ፀሐይ ያህል እየሞቀ ይሂድ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የዐሥሩ ሰፈር ቁጥር እስኪገባ መጠበቅ ነበረብኝ። የጠየቁኝን ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ።

ቁጥሩ ገብቷል። የእርስዎ ሰፈር ጥሩ ሰፈር ነው ተብሏል፤ የታመሙ ሦስት፣ የሞተ የለም። አለቆቼ ደስ ብሏቸዋል። ቡድኑ በጥር መጨረሻ ጓዙን ጠቅልሎ ሕመም ወደ ባሰበት ሰፈር ያልፋል፤ የእናንተ ውሃም አይመረመርም።

እኔ የማንንም ቤትና ስም አላይም፤ ማየትም አልተፈቀደልኝም። ፊቴ የሚመጣው የሰፈሩ ጠቅላላ ቁጥር ብቻ ነው። ያን ዜሮ ሳየው ግን ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወርጄ ሁለት ጊዜ ወጣሁ። አክስቴ፣ ቢያንስ አንድ መሆን ነበረበት። ያቺን አንዷን አውቃታለሁ።

መዝጋቢዋ በእርግጥ እርስዎ ቤት ደርሳ ነበር ወይ?

የወንድምዎ ልጅ

ጥር 6 ቀን

ለልጄ፤

ፈጣሪ ከመስማትህ በፊት ትዕግሥቱን ይስጥህ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሃምሳ ቀን ሊሆነው ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ተያይተናል።

ደርሳ ነበር። "ባለፉት ሁለት ዓመታት ከቤተሰብዎ ታሞ የሞተ አለ?" አለችኝ። "የለም" አልኳት።

ሞታለች ለማለት አፌ አልታዘዘኝም ነበር ብልህ ታዝንልኝ ይሆናል፤ እውነትነቱም ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ስማ። የመንገዱ ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ነው ውሃ የሚሰጠን። አሠሪያችን ግን በስፌት ቤቱ ግቢ ከመሬት በታች ትልቅ ታንከር አስቀብሮ፣ በኋላው ግድግዳ ቧንቧ አውጥቶልናል፤ ሰፈሩ በሙሉ በነጻ ይቀዳል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን "በቃችሁ" ብሎን አያውቅም። ነጩ መኪና ከመምጣቱ ሁለት ቀን በፊት "ሞት ከተገኘ ታንከሩ ይታሸጋል፣ ስፌት ቤቱም ይዘጋል" የሚል ወሬ ገባ። ስድሳ ሴት ነን እዚያ የምንሠራው። መዝጋቢዋ ደጄ ላይ ቆማ ስትጠይቀኝ ከጀርባዋ ስምንት ጎረቤት ቆሟል፤ ቀጥ በይም አለችበት። ያኔ ስድሳው ሴት በጉሮሮዬ ተሰለፈ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩ ሴት ነኝ። ልጄን መጀመሪያ በሽታው ወሰዳት፤ ሁለተኛ እኔ በአንድ ቃል ሰረዝኳት።

ዜሮ የሚለውን ሳነብ ግን አንድ ነገር ገባኝ። የዋሸሁት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ሌላ ቁጥር ይኖር ነበር። የሰፈራችን አትክልት ሻጭ የባሏ ወንድም እንዴት እንደ ሞተ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላውም ዋሽቷል ማለት ነው፤ ሁላችንም እርስ በርሳችን ፈርተን።

ስለዚህ እኔው ቆጠርኩ። አትሳቅ። በስፌት ቤታችን አንዲት ሰፊ አንድ ደርዘን በጨረሰች ቁጥር በጣሳዋ ውስጥ አንድ የልብስ ቁልፍ ትጥላለች። ሥራ ሲያበቃ ቀጥ በይ የየጣሳውን ቁልፍ ትቆጥራለች፤ ክርክር የለም። እኔ አንድ ባዶ ጣሳ መተኮሻ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኩ። የእኔ ክፍል በሩ ጠባብ ነው፤ የተሰፋውን ይዘው አንድ በአንድ ነው የሚገቡት፤ እንፋሎቱም ከውጭ ለሚያይ መጋረጃ ነው። ለምትገባው ሁሉ በጆሮዋ እንዲህ አልኳት፦ "ከዚህ ሰፈር ሰው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የሞተብሽ ካለ ጥቁር ቁልፍ፣ ታሞ የዳነ ካለ ነጭ ቁልፍ ጣዪ። ስም አልጠይቅሽም፣ ስትጥዪም አላይሽም።" ጀርባዬን ሰጥቼ እተኩሳለሁ። ከኋላዬ ቁልፍ ሲወድቅ እሰማለሁ። ስፌት ቤት የማይሠሩትም ውሃ ሊቀዱ ሲመጡ ጎራ አሉ።

አምስት ሳምንት ሆነ። ትናንት ከፈትኩት። ነጩ ሃያ ሦስት ነው። ጥቁሩ ሰባት።

ቡድኑ እንዳይሄድ አድርግ። ሌላ ልመና የለኝም።

አክስትህ

ጥር 20 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

እጅዎ ይባረክ፤ የተኮሰውም የጻፈውም። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ፤ ዛሬ እጽፋለሁ።

ደብዳቤዎን ለጥናቱ ኃላፊ ቃል በቃል ተርጉሜ አነበብኩለት። መጀመሪያ "ቁልፍ ማስረጃ አይሆንም" አለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ከዚያ ግን "እኛ በአርባ ቤት አርባ ጊዜ ጠይቀን ዜሮ አገኘን፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ሰባት አገኘች" አልኩት። ዝም አለ። እኛ እዚህ ወረቀቱን ለአንድ ዓመት ስናዘጋጅ ጥያቄው ይረዝማል ያጥራል ተባብለናል። ከመዝጋቢዋ ጀርባ ማን እንደሚቆም ግን አንድም ሰው አላነሣም፤ እኔም ጭምር፣ ያን ሰፈር ተወልጄበት የማውቀው።

ቡድኑ አንድ ወር እንዲቆይ ተፈቅዷል። አንድ ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል። አንድ ሟች እናትም እህትም ጎረቤትም ይኖረዋል። ለአንድ ሰው ሦስት ሴት ሦስት ቁልፍ ጥላ ቢሆንስ? ሰባቱ በእርግጥ ሰባት ሰው መሆናቸውን በምን እናውቃለን?

አሠሪያችሁስ ያውቃል?

ደግሞም ይህን ለሥራ አይደለም የምጠይቀው፤ ከሰባቱ አንዷ እሷ ናት?

የወንድምዎ ልጅ

የካቲት 2 ቀን

ለልጄ ለቆጣሪው፤

ልብህን ያደላድልህ፤ ለኃላፊህም ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ዝም ማለት የሚችል አለቃ ደግ ነው።

ሁለት ጊዜ መቁጠር ያልከውን እኔ ስድስተኛ ክፍል ያቆምኩትም አስቤበታለሁ። ገና ስጀምር ለሴቶቹ ሕግ አውጥቼ ነበር፤ ስጽፍልህ ዘለልኩት። ጥቁር ቁልፍ የምትጥለው የሟቹን ብርድ ልብስ ያጠበችው ብቻ ናት። እናትም ብትሆን፣ ሚስትም፣ ጎረቤትም፤ ሰው ሲሞት ብርድ ልብሱን የምታጥበው አንዲት ናት። ሁለት ሴት አንድ ብርድ ልብስ አጠብን ብላ አትከራከርም፤ ያን ሥራ የሚሻማ የለም። ስለዚህ ሰባት ሰባት ነው።

አሠሪያችን ጋ ራሴ ሄድኩ። ቢሮው የጨርቅ ጥቅል ያስተረፈለት ጥግ ናት። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። የሥራ ነገር መስሎት "የየትኛው ትእዛዝ ነው?" አለ። ጥቁሩ ምን እንደሆነ፣ ነጩም ምን እንደሆነ ነገርኩት። ጥቁሮቹን በጣቱ አንድ በአንድ ወደ ራሱ ሳበ።

"ለምን አስቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?" አለኝ።

"ውሃውን በነጻ ስለሰጡን" አልኩት።

አጠገቡ ግማሽ የተጠጣ የውሃ ብርጭቆ ነበር፤ ከዚያው ቧንቧ የተቀዳ። ገፋ አደረገውና "መጥተው ይክፈቱት" አለ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ቀድመን እንናገር ነበር።

አሁን ደግሞ የእኛን ቃል ለኃላፊህ ንገረው። ሴቶቹ በእኔ ክፍል ቆመው የተስማሙበት ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እናንተ ግን አጥራችንን ወረቀት አስደግፋችሁበታል። ነጩ መኪና ከሩቅ ይቁም፣ ሰዎቹ በእግራቸው ይምጡ። መዝጋቢዋ ትቀመጥ፤ በር ይዘጋ፤ አርባ ቤት ሳይሆን በቀን ስድስት ቤት ይሁን። የሚጠየቀውን አስቀድማችሁ ስጡን፣ ያልገባንን እናስተካክላለን። ለምሳሌ "በዚህ ጤና ጣቢያ የሞተ" የምትሉት ከንቱ ነው፤ እዚህ የባሰበት ሁሉ ወደ ሌላ ከተማ ነው የሚላከው፤ ማንም እዚህ አይሞትም። ታንከሩ ከመታሸጉ በፊት ሌላ ውሃ ይምጣ። ያገኛችሁትንም ለሌላ ከማንበባችሁ በፊት ለእኛ አንብቡልን። ይህ ሁሉ ከሆነ አንድም ሴት አትደብቅም። ቀጥ በይ ራሷ ናት "ይህን ጨምሪበት" እያለች ያስጻፈችኝ።

ሲመለሱ መጀመሪያ የእኔን በር ያንኳኩ።

አክስትህ

ሚያዝያ 11 ቀን

አክስቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። "እርስዎ"ን ዛሬ እዚሁ ትቼዋለሁ፤ ባሕሩም ትምህርቱም አልነበረም፣ እፍረት ነበር። አንቺ ስትቀብሪያት እኔ ቁጥር እያየሁ ነበር።

የጠየቃችሁት አንድም አልቀረም። መዝጋቢዋ በጻፈችልን ማስታወሻ ላይ "ወንበር ተሰጥቶኝ ከተቀመጥኩ በኋላ የሰማሁት ቆሜ ከሰማሁት ጋር አይገናኝም" ብላለች። ታንከሩ ተከፈተ። በግድግዳው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ተገኘ፤ በዝናብ ጊዜ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ የሚፈስሰው በዚያ ይገባል። የበሽታው ተሕዋስ በውሃው ውስጥ አለ። ይህ በሽታ ብዙውን ሰው ቢጫ አድርጎ፣ አድክሞ ይተወዋል፤ እርጉዝ ላይ ግን ይጨክናል። የእናንተ ሰፈር አሁን በመዝገቡ ስምንት ሞት አለው፤ ሦስቱ እርጉዞች። ስምንቱም ያረፉት ከሰፈሩ ውጭ ነው፤ አንቺ እንዳልሽው።

የቀሩት ዘጠኝ ሰፈሮችም እንደገና ይጠየቃሉ። መጀመሪያ የየሰፈሩ ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ እንዴት መጠየቅ እንዳለበትም እነሱ ይነግሩናል። ቁልፍ ይሁን ጠጠር ራሳቸው ይምረጡ። የብርድ ልብሱን ሕግ ኃላፊያችን በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፎታል። ማን እንዳወጣው ሲጠየቅ "አንዲት ተኳሽ" ይላል፤ እኔ ደግሞ "አክስቴ ናት" እላለሁ።

ቆጣሪ ነኝና ግን አንድ ነገር አላስተኛኝም። መዝገቡ ስምንት ይላል፤ ጣሳሽ ሰባት። ሌላው ሁሉ ገጥሟል። ባለፈው የጠየቅኩሽን አልመለስሽልኝም።

ልጅሽ

ግንቦት 5 ቀን

ልጄ፤

እንኳን "አንቺ" አልከኝ፤ ቤቴ የገባህ ያህል ነው። ፈጣሪ በደረጃው ላይ እግርህን፣ በቁጥሩ ላይ ዓይንህን ይጠብቅ።

ሐሙስ ዕለት ውጤቱን በእኔ ክፍል አነበቡልን። የቡድኑ ሐኪም አዳራሽ ይሁን ብሎ ለምኖ ነበር፤ ሴቶቹ "የተቆጠረው እዚህ ነው፣ የሚነበበውም እዚህ ነው" አሉ። ስድሳ ሰው አይይዝም፤ ግማሹ መስኮት ላይ ነበር። ሐኪሙ ካውያዎቹ መሀል ቆሞ ላቡ ጠብ እያለ አነበበ። ሃያ ሦስት ታመው ድነዋል ሲል የአትክልት ሻጯ እጇን አወጣች። እሷ ሁለት ነጭ መጣሏን፣ አንዱ ለራሷ አንዱ ለባሏ መሆኑን ከተናገረች በኋላ "ባሌን ግን ቢጫ ያደረገው ስንፍና መስሎኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰድቤዋለሁ፤ ይቅርታዬም ይመዝገብልኝ" አለች። ሐኪሙ የሚጽፍበት ቦታ አጣ። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ፤ ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ውሃ መጥቷል። የመንገዱ ቧንቧ እስኪጠነክር በመኪና ያመጡልናል። ታንከሩ ተዘግቷል፣ ስፌት ቤቱ ግን አልተዘጋም። አሠሪያችን አዲሱን ታንከር ከመሬት በላይ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ሊያስቀምጠው ስለሆነ የት እንደሚሻል እኛን ጠየቀን። ቦታውን ያሳየችው ቀጥ በይ ናት። ለእርጉዞች ደግሞ ውሃ አፍልቶ የሚያዳርስ ተራ አውጥተናል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሰፊያችን በሰላም ተገላግላለች።

አሁን የጠየቅከኝን ልመልስ።

አማቼ ከሆስፒታል ሲመለስ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ያመጣልኝ ብርድ ልብስ አለ። ታውቀዋለህ፤ ሁለታችሁ እየተጓተታችሁ ጠርዙን የበጠሳችሁት ነው። "ከልጅነቴ ብርድ ልብስ በቀር አይሞቀኝም" ስላለች ነበር ይዤላት የሄድኩት። ከመጣ ጀምሮ ቁም ሣጥን አናት ላይ ነበር። አላጠብኩትም። ባጥበው ሽታዋ ይሄዳል፤ ሽታዋ ከሄደ ደግሞ ያቺ የተናገርኳት "የለም" እውነት የምትሆን መሰለኝ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያጠበችው ትጣል ያልኩት እኔ ነኝ። ሰባት ሴት ከኋላዬ ቁልፍ ስትጥል ሰምቼ የእኔን መጣል አልቻልኩም። ለመዝጋቢዋ ግን በር ተዘግቶ፣ ቁጭ ብላ ስትጠይቀኝ፣ "አለች፤ ልጄ ናት" ብያታለሁ። ስምንተኛዋ እሷ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት በአዲሱ ውሃ አጠብኩት። ብርድ ልብስ ውሃ ሲጠጣ ለአንድ ሰው አይነሣም። ቀጥ በይ ሳልጠራት መጣችና አንዱን ጫፍ ያዘች፤ እኔ ወደዚህ እሷ ወደዚያ እየጠመዘዝን ጨመቅነው። ጎበጥ ብዬ ሳለቅስ "ቀጥ በይ" አላለችኝም። ገመድ ላይ ከሰቀልነው በኋላ ከኪሷ አንድ ጥቁር ቁልፍ አውጥታ ሰጠችኝ። ልጄ ከመርፌ ሥር የተወችው ካፖርት ላይ ሊሰፋ የነበረ የመጨረሻው ቁልፍ ነው። አብረን ገባን። ጀርባ የሰጠኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እያየኝ ጣልኩት።

ጣሳው ስምንት ሆኗል። ብርድ ልብሱ ደርቋል፤ ስትመጣ ትለብሰዋለህ።

አክስትህ

ደብዳቤዎቹ እዚህ ላይ ያበቃሉ። ካፖርቱን ቀጥ በይ ጨርሳው፣ እኔ ተኩሼው፣ ከሌሎቹ ጋር ወጥቷል። በልጄ መኪናም አዲስ ሴት ተቀምጣባታለች፤ ጎበጥ ስትል "ቀጥ በይ" ትባላለች።

ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ያነበባችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ አንድ ልመና አለኝ። የስምንቱን ስም አልጻፍኩም፤ የጥናቱ ሰዎችም አልጻፉም፤ ቃል ገብተናልና። የፈጠራቸው ግን በስማቸው ያውቃቸዋል። ለእነሱ ጸልዩላቸው። ከእነሱ ጋር የሄዱ ሦስት ያልተወለዱ ሕፃናትም አሉ፤ እነሱን መዝገብም ጣሳም አልቆጠራቸውም፣ በጸሎታችሁ ቁጠሩልኝ። ለልጄም፣ እናቷ አንድ ጊዜ "የለም" ያለቻት ናትና፣ እናንተ "ነፍሷን በሰላም ያኑራት" በሉልኝ። የምትጸልዩት ስለ እሷ መሆኑን ፈጣሪ ያውቃል።